ጊዜ የነጋዴ ዋና ገንዘብ ነው

ምስጋና ሁሉ ሌሊትንና ቀንን ላፈራረቀ፥ ለእያንዳንዱም ሥራ ጊዜን ለወሰነ አላህ ይኹን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ነጋዴ በምሽት ሱቁን ሲዘጋ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ቢጐድልበትም የጐደለበትን ምክንያት ሳያገኝ አይተኛም። ከዕድሜው አንድ ቀን ሲጐድል ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። የጠፋ ገንዘብ በሌላ ቀን ንግድ ይተካል፤ የጠፋን ቀን ግን በገንዘብ የገዛ ማንም የለም። ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ጤንነትና ከሥራ የተረፈ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች መኾናቸውን አስተምረዋል። በዐረብኛ የተነገረው ቃል የገበያ ቃል ነው፤ ከዋጋ በላይ ገዝቶ ወይም ከዋጋ በታች ሸጦ የተታለለ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ቀኑን በከንቱ የሚያሳልፍ ነጋዴ ውዱን ዕቃ በርካሽ የሸጠ ነው።

ወንድሞች ሆይ! ሥራችሁን በማለዳ ጀምሩ። ነቢዩ በማለዳ ሥራ ለሕዝባቸው በረከት እንዲሰጥ ጌታቸውን ለምነዋል። ይህንንም ያስተላለፈው ሰኽር አል ጋሚዲ ነጋዴ ነበረ፤ ሸቀጡንም በማለዳ ይልክ ስለ ነበር ሀብቱ እንደ በዛ ተዘግቧል። በማለዳ የሚነሣ ግን በማታ በጊዜው ሊተኛ ይገባዋል፤ ነቢዩም ከዒሻእ ሰላት በኋላ በጭውውት መቀመጥን ይጠሉ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት በወሬ የተቀመጠ ሰው ሱብሒ ያመልጠዋል፥ ሱቁንም አርፍዶ ይከፍታል፤ ስለዚህም በሁለቱም ይጐዳል።

አምስቱ ሰላቶች የቀን ድንበሮች ናቸው። ከሱብሒ እስከ ዙህር ከባዱን ሥራ፥ ግዢንና ጭነትን ፈጽሙ፤ ከዚያም ደንበኞቻችሁን አስተናግዱ፤ ከመግሪብ በፊት ደግሞ ዱቤንና ዕዳን በመዝገብ ጻፉ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደ ነውና። ሰላት ጊዜዬን ይወስድብኛል የሚል ሰው ተሳስቷል። በ62ኛው ምዕራፍ የጁሙዓ ጥሪ በተሰማ ጊዜ ንግድን እንድንተው ታዘዝን፤ ሰላቱ ሲፈጸም ግን ወደ ሥራችን ተመልሰን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ተነገረን። ሰላትም ሥራም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

የዑመርንም ሥርዓት ተመልከቱ። ከመዲና ዳር ይኖሩ በነበረ ጊዜ እርሳቸውና አንድ የአንሷር ጐረቤታቸው ወደ ነቢዩ ዘንድ ተራ በተራ ይወርዱ ነበር፤ የሄደውም የዕለቱን ትምህርት ላልሄደው ያመጣለታል። እንዲህ አድርገው ኑሮን ሳይተዉ ዕውቀትንም ሳያጡ ኖሩ። እናንተም ከሸሪካችሁ ጋር ተራ ብትገቡ፥ ለትምህርትና ለቤተ ሰብ ጊዜ ታገኛላችሁ። ልጆቹ ሲተኙ የሚገባ፥ ሳይነሡም የሚወጣ አባት ምንም ያህል ቢያተርፍ የልጆቹን ሐቅ አጕድሏል።

በመጨረሻም የሌላውን ሰው ጊዜ ከመስረቅ ተጠንቀቁ። በሳንቲም የማይሰርቅ ሰው በቀጠሮ ይሰርቃል። ገንዘቡ በእጁ ሳለ ባለ ዕዳውን ዛሬ ሂድ ነገ ተመለስ የሚል፥ ተሸካሚውንም ለደመወዙ ከሱቅ ደጃፍ የሚያስቆም፥ የድኻውን የሥራ ቀን በልቷል። መክፈል የሚችል ሰው ክፍያን ማዘግየቱ ግፍ መኾኑን ነቢዩ ተናግረዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ መዝገባችሁን ስትገልጡ፥ በደጃችሁ ያመላለሳችኹት ሰው እንዳለ ፈልጉ፤ ካለም ነገ እርሱ ሳይመጣ እናንተ ሂዱለት።

አላህ በዕድሜያችን፥ በንግዳችንና በልጆቻችን በረከትን ይስጠን። አሚን።