«አይዞሽ» ማለት ብቻ ይበቃልን?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያቀረበችልኝ በማንኩሳ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት፤ ጊዜውም ባለፈው ጳጉሜን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሄድሁበት ሰሞን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም። የአባቷ መሬት ለሦስት ወንድሞቿም የሚበቃ አይደለም። በበርበሬ ወቅት በርበሬ እየለቀመች፣ በገበያ ቀን ትንሽ ትንሽ እየሸጠች ትኖራለች። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች አንድ ደላላ መጥቶ በዓረብ አገር የቤት ሠራተኛነት ሥራ እንዳገኘላትና በሁለት ወር ውስጥ እንደምትሄድ ነገራት።

ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን እሸት በቆሎ እየጠበሰች እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርህ ነህ። ሰው ሁሉ ሂጂ ይለኛል፤ ልቤ ግን ፈራ። ድፍረት ከየት ይገኛል?»

እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «አይዞሽ፣ አትፍሪ፤ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ነው» ብዬ መለስሁላት። እርሷም እሸቱን አገላበጠችና ዝም አለች።

በሳምንቱ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ቡሬንና ኮሶበርን ካለፍን በኋላ ያ ዝምታዋ ትዝ አለኝ። የሰጠኋት መልስ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጥያቄዋን ሳልሰማ የሰጠሁት መልስ ነበር። የእግዚአብሔርንም ስም የጠራሁት እርሷን ለማጽናናት ሳይሆን፣ ከማሰብ ድካም ለመገላገል እንደ ነበር ተረዳሁ። ስለዚህ ጥያቄዋን እንደ ገና ላንሣውና ከእናንተ ጋር ልመርምረው። ሰው ለሥራ ብሎ የማያውቀው አገር ለመሄድ ድፍረትን ከየት ያገኛል? ከሁሉ አስቀድሞስ ድፍረት ራሱ ምንድን ነው?

በቋንቋችን «ደፋር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ወታደር በጦር ሜዳ ደፋር ሲባል ይመሰገናል፤ ልጅ በታላቁ ፊት ደፋር ሲባል ግን ይነቀፋል። የሰውን ክብር መርገጥም «መድፈር» ይባላል። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለውም ተረት አንዳንድ ጊዜ ለምስጋና፣ አንዳንድ ጊዜ ለሽሙጥ ይነገራል። ፍርሃትም እንዲሁ ነው። ፈሪ መባል ስድብ ሲሆን፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው መባል ግን ትልቅ ክብር ነው። እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን ድፍረት ሁልጊዜ መልካም፣ ፍርሃትም ሁልጊዜ ክፉ አለመሆኑን ነው። መጠየቅ ያለበት የተደፈረው ምን እንደ ሆነ፣ የተፈራውም ምን እንደ ሆነ ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትልም ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አስተምሯል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ጀግንነት በሁለት ጥፋቶች መካከል የሚገኝ ነው፤ በአንድ በኩል ፍርሃት የበዛበት ሰው አለ፤ በሌላው በኩል ደግሞ ሊፈራው የሚገባውን እንኳ የማይፈራ ችኩል አለ። እውነተኛው ጀግና ፍርሃት የሌለበት ሰው ሳይሆን፣ መፈራት ያለበትን ነገር በሚገባው መጠን እየፈራ ለመልካም ዓላማ ጸንቶ የሚቆም ሰው ነው። ታዲያ የአክስቴን ልጅ «አትፍሪ» ስላት ወደ ጀግንነት ጠራኋት ወይስ ወደ ችኩልነት?

ከአገር ርቆ መሄድ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪውን እናስታውስ። ገና በልጅነቱ፣ ብዙ ጊዜም ከወላጆቹ ተሰውሮ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ለቅኔ ይሄድ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳ ልጅ አድርገው የሳሉት በዛብህም ለትምህርት ከቤቱ የወጣ ነው።

ያ ትንሽ ልጅ ድፍረትን ከየት አገኘው? ውሻውንም ረኃቡንም ይፈራ ነበር። ነገር ግን የሚሄድበትን ያውቅ ነበር። የመምህሩ ስም ተነግሮታል፤ መንገዱን ከእርሱ በፊት የሄዱ ተማሪዎች አሳይተውታል። በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን የቤቱ ባለቤት ምን ዓይነት እንግዳ እንደ ሆነ ያውቃልና ከእንጀራው ይቆርስለታል። ትምህርቱ ባይሆንለት ደግሞ በመጣበት እግሩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የልጁ ድፍረት በልጁ ልብ ውስጥ ብቻ የነበረ አይደለም፤ ግማሹ በመንገዱና በመንገዱ ዳር በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ሁለት ዓይነት መንገድ ሄደዋል። በመጀመሪያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደው ለዓመታት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ሆነው ሠርተዋል። የሄዱት ሰው አንድ ናቸው፤ ባሕር መሻገሩም አንድ ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጊዜ የመሄድና የመመለስ ፈቃዳቸው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ስለ መሄድ ስንነጋገር መጠየቅ ያለብን የቦታውን ርቀት ብቻ አይደለም፤ የመመለሻው በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለም መጠየቅ አለብን።

አሁን እንግዲህ የአክስቴ ልጅ የተጠራችበትን መንገድ እንመልከት። በብዙ የዓረብ አገሮች «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ቆይቷል። ከአሠሪዋ ቤት ያለ ፈቃድ ብትወጣ ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን እንዲመለሱ ሲደረግ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው አዲስ አበባ ደርሰዋል። መንግሥት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ቢቆይም ሰዎች በጅቡቲና በየመን በኩል በበረሃና በጀልባ መሄዳቸውን አላቋረጡም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሊባኖስ በኢኮኖሚ ችግርና በወረርሽኝ በተመታች ጊዜ፣ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ኢትዮጵያውያት በአሠሪዎቻቸው ቤሩት መንገድ ላይ ተጥለው ታይተዋል።

በሌላ በኩል ሕጉ ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛዋ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላት እንድትሆን፣ ስምሪቱ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ወይም በመንግሥት በኩል እንዲሆን፣ ስምምነት ወደ ተደረገባቸው አገሮች ብቻ እንዲላክ፣ የቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውንም ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደነገገ። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በዚህ መንገድ ሄደው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ፣ ለእናታቸው የቆርቆሮ ቤት የሠሩ፣ ተመልሰውም ሱቅ የከፈቱ እኅቶች በየሰፈራችን አሉ። የእነርሱም ድካም ሊረሳ አይገባም።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ የአክስቴ ልጅ ፍርሃት ከእኔ «አይዞሽ» ይልቅ ብዙ ነገር ያውቅ እንደ ነበር ተገነዘብሁ። ደላላው ውል አላሳያትም። የአሠሪዋን ስም አልነገራትም። እንዲያውም ለ«ሂደት» የሚሆን ገንዘብ ከእርሷ ጠይቋል። ልቧ «ቆይ፣ ጠይቂ» እያለ ሲመክራት፣ እኔ ያን መካሪ ዝም እንድታሰኝ ነገርኋት።

በየዓመቱ ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ስናከብር የምናስታውሰው የጦቢት ታሪክ በዚህ ነገር ላይ ብርሃን ይሰጠናል። ጦቢት ዓይኑ የጠፋና የደኸየ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ጦብያን በሩቅ አገር ያስቀመጠውን ገንዘብ እንዲያመጣ ላከው። እንዴት አድርጎ እንደ ላከው እንመልከት። ገንዘቡ መኖሩን የሚመሰክረውን ጽሑፍ አስያዘው። መንገዱን የሚያውቅ ጓደኛ እንዲፈልግ አዘዘው። ጓደኛው ሲመጣም ወገኑንና ዘመዱን ጠየቀው፤ የቀን ደመወዙንም አስቀድሞ ተዋዋለው። ያ እንግዳ መልአክ መሆኑን ጦቢት አያውቅም ነበር፤ መልአኩም ተጠየቅሁ ብሎ አልተቆጣም። እናቲቱ ሐና ደግሞ ከገንዘቡ ልጄ ይበልጥብኛል ብላ አለቀሰች፤ እስኪመለስም ድረስ በየቀኑ መንገዱን ትመለከት ነበር። በዚያ ቤት እምነት፣ ጥያቄ፣ ውልና እንባ በአንድነት ነበሩ። መልአክ እንኳ ማንነቱ ከተጠየቀ፣ ደላላ የማይጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ነገር ግን ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ፍርሃት አለ፤ እርሱም የሰው አፍ ነው። አንዳንዱ የሚሄደው ደፍሮ ሳይሆን «እነ እገሌ ሄደው እርሷ ቀረች» እንዳይባል ፈርቶ ነው። አንዳንዷም በደል በበዛበት ቤት የምትቆየው ጸንታ ሳይሆን፣ ባዶ እጇን ብትመለስ የሚባልባትን ፈርታ ነው። ሁለታችንም የምናውቃት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ተመልሳ በመጣች ጊዜ ሰው ሁሉ «ምን ይዛ መጣች?» ብሎ ጠየቀ፤ «እንዴት ከረምሽ?» ያላት ግን ጥቂት ሰው ነበር። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውንም ተረት የጠቀሱባት ነበሩ። ይህን የሰማች ሌላዋ ልጅ በሰው አገር መከራ ሲደርስባት ወደ ቤቷ ለመመለስ እንዴት ትደፍራለች? የመመለሻውን በር ከአሠሪው ጋር ሆነን የምንዘጋው እኛ ነን።

የመጀመሪያው ፍርሃት አደጋን ስለሚያሳየን ልንሰማው ይገባል። ሁለተኛው ግን የሚያሳየን የሰውን ፊት ብቻ ነውና ልንደፍረው የሚገባን እርሱን ነው። «ውሉን አሳየኝ» ብሎ ደላላን መጠየቅ፣ ወረቀት ከሌለ «አልሄድም» ማለት፣ ከሄዱም በኋላ ነገሩ ሲከፋ «ተመልሻለሁ» ብሎ በእናት ደጅ መቆም፣ እነዚህ ሁሉ አውሮፕላን ላይ ከመውጣት የማያንስ ድፍረት ይጠይቃሉ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «በዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ለሚበላ ተማሪ እንዲህ ማለት ቀላል ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። እኔ በአክስቴ ልጅ ቦታ አልተቀመጥሁም። መሬት የሌለው፣ ሥራም ያላገኘ ሰው ሁለት ክፉ ነገሮችን አመዛዝኖ ሲመርጥ ሞኝ ልንለው አይገባም። ደግሞም ሰው ከፍርሃት የተነሣ ብቻ በቀዬው ቢቀር፣ ያ መቅረት አገር መውደድ ወይም ትሕትና ሊባል አይችልም። ስለዚህ አትሂዱ አልልም። የምለው፣ ሂዱ የምንል ሰዎች ከሂያጁ ጋር ጭንቀቱን እንካፈል ነው።

የምንካፈለውም እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው። ማንበብ የምንችል ውሉን አብረን እናንብብላት። የውሉ ግልባጭ በእናቷ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የቤተሰቧን ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ ስልኳን ሊወስዱባት ይችላሉና። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ነገር ሲከፋባት በስልክ የምትናገረው፣ ሌላው ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ከቤተሰቧ ጋር ትስማማ። ተመልሳ ስትመጣም፣ ሻንጣዋ ከባድም ይሁን ቀላል፣ በዕለተ ሰንበት በመካከላችን ቦታዋ ይጠብቃት። ያን ጊዜ እንደ ቆሎ ተማሪው የድፍረቷ ግማሽ በእኛ ዘንድ ይሆናል።

ከጥቂት ቀናት በፊት ለአክስቴ ልጅ ስልክ ደወልሁላት፤ አስቀድሜም ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷ ግን እኔን ሳትጠብቅ ደላላውን ውል እንዲያሳያት ጠይቃው ኖሯል። «ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ እኔን እመኝ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እርሷም ፍኖተ ሰላም ሄዳ በሕጋዊው መንገድ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጠይቃ ተመልሳለች። እስካሁን ቁርጥ ውሳኔ ላይ አልደረሰችም።

«አሁንም ልቤ ይፈራል፣ ወንድምዓለም» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ «አይዞሽ» ከማለቴ በፊት፣ «ምንድን ነው የምትፈሪው?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም አንድ በአንድ ትነግረኝ ጀመር፤ እናቷ ብትታመም ማን እንደሚያስታምም፣ አማርኛ የሚሰማ በሌለበት ቤት ስትታመም ለማን እንደምትናገር፣ የምትልከው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል። የስልኬ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጥኋት።

የሚሄዱትንም የሚቀሩትንም እግዚአብሔር ይጠብቅልን።