የተጣለ እንጨትና የዳዊት እጅ

እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ዕቃ ከምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ለአንዳንድ ሰው ከንቱ ምርምር ይመስለዋል፤ ሆኖም ጥያቄው በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳርም ይነሣል። ከደባርቅ ደጋ ሊማሊሞን ወርዶ፣ በዛሪማ ቆላ አልፎ ወደ ሽሬ የሚዘልቀው ጎዳና በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ፣ የጭነት መኪና ይዞት የሚመጣው ሣጥን፣ ጣሳና ቆርቆሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብቷል። ሸቀጡ ሲያልቅ መያዣው ይጣላል፤ በአገራችን ገጠር ሁሉ እንደሚታየውም የተጣለውን እረኛ ያነሣዋል፤ የዘይቱ ጣሳ የክራር ገላ፣ የሳሙናው ሣጥን የመሰንቆ ጎን፣ ወድቆ የተገኘው ሽቦ አውታር ይሆናል። እንግዲህ ሰው ንቆ የጣለው ነገር የምስጋና መሣሪያ ለመሆን ይበቃልን? ወይስ ለቅዱስ ግብር የሚገባው የተመረጠውና ያልተነካው ብቻ ነው?

አይበቃም የሚል ሰው ማስረጃ አያጣም። ኦሪት ለመሥዋዕት የሚቀርበው ነውር የሌለበት እንዲሆን አዝዛለች፤ አቤል ከበጎቹ በኩራቱን መርጦ ቢያቀርብ መሥዋዕቱ ሠመረለት፤ ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን ከብት ወደ መሠዊያው የሚያመጡትን ካህናት ገሥጿል፤ ታቦተ ጽዮንም የተቀረጸችው ከማይነቅዝ እንጨት ነው። አበው የበገናን ክፍሎች እየለዩ ሲያመሠጥሩ፣ ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ቃላት መስለው ማስተማራቸው ዕቃው ከግዙፍ እንጨትነት አልፎ የምሥጢር ማኅደር መሆኑን ያስረዳል። ለዚህ ክብር ትናንት ሳሙና የታሸገበትን ሣንቃ ማቅረብ ድፍረት አይሆንምን?

መልስ ለመስጠት ከመቸኰል በፊት ባለበገናው ራሱ ሊሰማ ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያናችን መዝሙረ ዳዊት በ150ኛው አይፈጸምም፤ 151ኛ መዝሙር አለ፤ በእርሱም ዳዊት ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ እንደ ነበረ፣ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደ ነበረ፣ የማኅሌቱንም መሣሪያ በገዛ እጁና በገዛ ጣቶቹ እንዳበጀ ይመሰክራል። እንጨቱን ከወዴት እንዳመጣው አንዳች አይናገርም። የሊባኖስ ዝግባ ወደ ዳዊት ቤት የመጣው ከነገሠ በኋላ ነው፤ በምድረ በዳ በጎች የሚጠብቅ ታናሽ ልጅ ግን በዙሪያው ካገኘው በቀር ሌላ ግምጃ ቤት የለውም። ሳኦልን ሲያስጨንቀው የኖረው ክፉ መንፈስም የራቀለት፣ ይኸው ልጅ ገና ዘውድ ሳይጭን ከበግ ጥበቃ ተጠርቶ በደረደረለት ጊዜ ነው። መጽሐፍ የሠሪውን እጅ መዝግቦ ስለ እንጨቱ ዝም ማለቱ፣ ክብሩን በየትኛው ወገን እንድንፈልገው የሚያመለክት ይመስለኛል።

የሙያውን ነገር ቀርቦ የተመለከተ ሰውም ወደዚሁ ሐሳብ ይደርሳል። መሰንቆ ሲሠራ አራት ሣንቃዎች በመላጊያ ተስተካክለው በማዕዘናቸው ይጋጠማሉ፤ ዘንጉ ከላይ ገብቶ በታች እስኪወጣ ገላውን አቋርጦ ያልፋል፤ ውኃ ጠጥቶ የለሰለሰ የፍየል ቆዳ በፊትና በኋላ ተወጥሮ ይያዛል። ቆዳው እየደረቀ በሄደ መጠን ይሰበሰባልና፣ አራቱን ሣንቃዎች በብርቱ ይጨምቃቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ሣንቃው እርጥብ ከሆነ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል፤ እርጥበቱን አስቀድሞ የጨረሰ እንጨት ግን ጸንቶ ይቆማል። ከዚህ በኋላ የፈረስ ጭራው ይወጠራል፤ ደጋኑም ሙጫ ተቀብቶ ይሳባል። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ ሣንቃ፣ የምድጃ ጢስና የብዙ ዓመት ፀሐይ ያደረቀው፣ ገና ትናንት ከተቆረጠው ይልቅ ለዚህ ሥራ የተሰናዳ ነው፤ ባለቤቱ አርጅቷል ብሎ የጣለበት ምክንያት ለሠሪው የሚመርጥበት ምክንያት ይሆናል። የሰሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነው በተመዘገቡበት አውራጃ፣ የወደቀውን እንጨት የሚያነሣ ሰው የቆመውን ዛፍ ከመጥረቢያ ማዳኑም ከጽድቅ ሥራ የሚቈጠር ነው።

ይሁን እንጂ የሚልክያስ ተግሣጽ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነቢዩ የተቈጣው ጤነኛውን ከብት በበረት አስቀርተው አንካሳውን ለመሠዊያ በሚያቀርቡት ላይ ነው፤ ጌታችን ደግሞ ሁለት ናስ ብቻ የነበራትን መበለት ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጦ አመስግኗታል፤ ያላትን ሁሉ ሰጥታለችና። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተሰጠው ነገር ዋጋ ሳይሆን፣ ሰጪው ለራሱ ያስቀረው ነገር ነው። የሣጥን ሣንቃ ይዞ የምስማሩን ቀዳዳ በጥንቃቄ የሚደፍን፣ መጋጠሚያውን ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ የሚያስተካክል፣ ቅኝቱ ካልሰመረ ፈትቶ እንደ ገና የሚጀምር ሰው በኩራቱን አቅርቧል፤ በኩራቱ ድካሙ ነውና። «ለሣጥን ይህ ይበቃዋል» ብሎ ሥራውን የሚያቃልል ሰው ግን፣ ምንም እንኳ ድሃ ቢሆን፣ ከሚልክያስ ተግሣጽ አያመልጥም። ድህነት የእንጨትን ምርጫ ሊያጠብብ ይችላል፤ ትጋትን የማጥበብ ሥልጣን ግን የለውም።

ከተጣለ እንጨት ንቀት ይልቅ በአገራችን የከፋው የሠሪውን እጅ መናቅ ነው። በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ፣ በሰሜንም ቈላማ ስፍራ ለብዙ ዘመን የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን ሲቀጠቅጡ፣ ማሰሮውንና ምጣዱን ሲሠሩ፣ በሠሩት ማረሻ አርሶ በሠሩት ምጣድ ጋግሮ የሚበላው ጎረቤታቸው «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ መንገር መድረሳቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ ኢየሩሳሌም ምድር ሲሄዱ፣ ያ ሁሉ የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ። ዳዊት የሚደግም ሕዝብ፣ ዳዊት ራሱ የተመካበትን ተግባረ እድ መናቁ ከቶ እንዴት ያለ ተቃርኖ ነው!

የዜማው አባት ታሪክም በዚህ ረገድ ይመክረናል። ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ በሰሜን ተራሮች ሲያስተምር ኖሮ በዚያው እንደ ተሰወረ አበው ያስተምራሉ። እርሱ ትምህርት እምቢ ብሎት ተስፋ በቈረጠ ጊዜ መምህር የሆነችው፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ የወጣችው ትል ናት። ሰው ረግጦ የሚያልፋት ፍጥረት ለሊቅ መምህር ከሆነች፣ ሰው ረግጦ የሚያልፈው ሣንቃ ለመዝሙር ማደሪያ እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድር ነው?

ባሕር ማዶም ይህ ነገር ታይቷል። በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን አጠገብ፣ ካቴውራ በተባለው የቆሻሻ መጣያ ዳር የሚኖሩ ልጆች፣ ከዚያው ከተጣለው ቆርቆሮና እንጨት በተሠራ ቫዮሊን የታላላቆቹን አውሮፓውያን ድርሰት እየተጫወቱ በብዙ አገሮች መድረክ ቆመዋል። እነርሱን ለዚህ ያበቃቸው ቆርቆሮው ብቻ እንዳይመስለን፤ ቆርቆሮውን በሙያ የቀረጸ ሰው ነበር፣ ልጆቹንም ታግሦ ያስተማረ መምህር ነበር።

እንግዲህ የጥያቄው ፍጻሜ ይህ ነው፤ እንጨት ኃጢአት የለበትም፤ ከአንድ ግንድ የተገኘ ሣንቃ ለዘፈን ክራርም ለዐቢይ ጾም በገናም ይሆናል፤ የሚለየው የሠሪው ትጋትና የደርዳሪው ሐሳብ ነው። ከዚህም ለእኛ ዕዳ ይወጣል። እረኛው የጣሳ ክራሩን ይዞ በቤታችን ደጅ ሲያልፍ፣ አንዳንዱ ሥራ ፈት ብሎ ይገሥጸዋል፣ አንዳንዱም አዝኖለት ሳንቲም ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ልጁን አልጠቀሙትም። የሚጠቅመው ቅኝቱን የሚያርምለት፣ መላጊያ የሚያውሰው፣ 151ኛውንም መዝሙር ከፍቶ ከእርሱ በፊት እንደ እርሱ ያለ እረኛ እንደ ነበረ የሚያስነብበው ሰው ነው። የቆሎ ትምህርት ቤት መምህርም ሆነ የመንደር አናጢ፣ አባትም ሆነ ቄሰ ገበዝ፣ ይህን ለማድረግ የጎደለው ነገር የለም፤ ይህን ሳናደርግ ብንቀር ግን፣ ከበገናው ማነስ ይልቅ የደርዳሪው መጥፋት የሚጠየቅብን እኛው ነን።