ክፉ ሆኖ የሚወለድ ወገን አለን?

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከአንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ነው ብላችሁ ግን አትለፉት።

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጨዋታ አለ። ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ ጀግኖች ይሆናሉ። ለጀግና ጠላት ያስፈልገዋልና ብዙ ጭራቆች ተፈጠሩ። ከእነዚህ አንዱ በ1975 የገባው ሳሁዋጊን የተባለ የባሕር ወገን ነው። ቅርፊት የለበሰ፣ በውቅያኖስ ጥልቀት የሚኖር፣ በሌሊት ወጥቶ የባሕር ዳር መንደሮችን የሚዘርፍ ነው። ቅጽል ስሙም «የባሕር ሰይጣን» ነው። በ1977 የታተመው የጭራቆች መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ፍጡር የጠባይ መለያ ሲሰጥ ሳሁዋጊንን «ሕግ አክባሪና ክፉ» ብሎታል። አንዱን ወይም ሁለቱን ሳይሆን ወገኑን በሙሉ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እንመርምረው። በዚያው መጽሐፍ ሻርክም አለ። ሻርክ ሰው ይበላል፤ መጽሐፉ ግን ደግም ክፉም አይለውም። ልክ ነው፤ እንስሳ የሚኖረው በተፈጥሮው እንጂ በምርጫው አይደለምና። ሳሁዋጊን ግን ንጉሥ አለው፤ ቋንቋ አለው፤ ሕግ ያከብራል። ሕግን አከበረ የሚባለው ደግሞ ሕግን መጣስ የሚችል ብቻ ነው። ድንጋይ ወደ ታች ሲወድቅ ታዘዘ አይባልም። አርስቶትልም ስለ ምግባር ሲያስተምር፣ ድንጋይን እልፍ ጊዜ ወደ ላይ ብንወረውረው ወደ ላይ መውጣትን አይለምድም፤ ምግባር ግን በልማድ የሚገኝ ነው ብሏል።

ስለዚህ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ሳሁዋጊን ምርጫ ከሌለው እንደ ሻርክ አደገኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ምርጫ ካለው ደግሞ ከመካከላቸው «እምቢ» የሚል ሊገኝ አይችልም ማለት አንችልም። «የባሕር ሰይጣን» መባሉም ነገሩን አይለውጠውም፤ ሰይጣን ራሱ በፈቃዱ ወደቀ እንጂ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም ብለን ተምረናልና።

በ1982 ከወጡት የዚህ ጨዋታ ታሪኮች በአንዱ ጀግኖቹ መሣሪያ ወደሚያከማቹ እንሽላሊት መሰል ፍጡራን ይላካሉ። ሳይጠይቅ ሰይፍ የመዘዘ ደም በከንቱ ያፈሳል። የጠየቀ ግን እነዚያ ፍጡራን የታጠቁት ቤታቸውን በነጠቃቸው በሳሁዋጊን ላይ መሆኑን ይረዳል። መልካም ትምህርት ነው። የተከታዩ ታሪክ ርእስ ግን «የመጨረሻው ጠላት» ይባላል፤ ጠላቱም ሳሁዋጊን ነው። ፍርዱ አልተነሣም፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ።

«ታዲያ መንደር ሲቃጠል ዝም ይባል?» የሚል ይኖራል። አይባልም! ወራሪን ስላደረገው ነገር መከላከል ይገባል። ስለ ተወለደበት ወገን መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው። «በወረቀት ላይ ያለ ጭራቅ አይደለምን?» ለሚለኝም፣ ጨዋታውን አልነቅፍም። የምፈራው በጠረጴዛው ዙሪያ የለመድነው ፍርድ ከጠረጴዛው ስንነሣም እንዳይከተለን ነው።

እኔ ጨዋታውን ሳላውቀው ፍርዱን አውቀው ነበር። በመኝታ ክፍላችን አንድ ቀን ገንዘብ ጠፋ። ማንም ምንም ሳይጠይቅ የሁላችንም ዓይን ወደ አንድ ልጅ ዞረ፤ «የዚያ አገር ልጆች እንዲህ ናቸው» ሲባል ሰምተን ነበርና። እኔም ዝም አልሁ። ገንዘቡ አልተገኘም፤ ልጁ ግን በዚያው ሳምንት ክፍል ቀየረ። እስከ ዛሬ በግቢው ስንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ የምሄደው ወደ እርሱ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንተስ ሳትጠይቅ የፈረድህበት ማን ነው?