ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው እንግዳ ነውን?

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም ማንነቱን ብዙ ሳይመረምር እግሩን አሳጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ፥ መደቡን ለቅቆ ያሳድረዋል። የዚህ ልማድ ሥሩ ግልጽ ነው፤ እንግዳው ለዚያች ሌሊት ቤት ጐድሎታል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቤት አለው። ግዴታ የምንለው ነገር ካለውና ከጐደለው መካከል ይወለዳል፤ በአንዱ ላይ ማስተናገድ፥ በሌላው ላይ ማክበር። ታዲያ ቤቱን፥ አልጋውንና ምድጃውን ጭኖ የሚጓዝ ሰው ቢመጣስ? ምንም አልጐደለውምና ለደረሰበት ከተማ ምን ዕዳ አለበት? ከተማውስ ለእርሱ?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ባለፈው ክረምት የዓመት ዕረፍቴን ይዤ በአሜሪካ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ፥ እርሱ «አር ቪ» የሚሉትን ቤት የተሠራበት መኪና ተከራይቶ ከነቤተ ሰቡ ከፖርትላንድ ወደ ሲያትል ይዞኝ ሄደ። መኪናው አልጋ፥ ማብሰያ፥ ማቀዝቀዣ፥ የውሃ ጋን፥ መጸዳጃም ሳይቀር አለው። 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ከነዳጅ ሻጭ በቀር ማንንም አላነጋገርንም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ የራሱን ጎጆ ተሸክሞ የሚሄድ ኤሊ ምን ያህል ኩሩ እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባኝ።

ነገር ግን ሲያትል ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለውን ረጅም መኪና ይዞ መሐሏ መግባት ጭንቅ ነው። ስለዚህ መኪናውን ከከተማው ውጭ፥ መብራትና ውሃ በኪራይ በሚሰጥበት ስፍራ አቁመን በባቡር ገባንና ከዚያ ወዲያ በእግራችን ሆነ። በመኪና የሚሄድ ሰው ከተማን በመስኮት ያያል፤ እግረኛ ግን ከተማውን በጉልበቱ ይከፍለዋል፤ ስለዚህም ሳይጠይቅ አያልፍም።

የጀመርነው ፓዮኒር ስኩዌር ከሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ከእንጨት የተሠራው የከተማው መሐል በ1889 በእሳት ወደመ፤ ሲታደስ ቤቶቹ በጡብና በድንጋይ ተሠሩ፤ መንገዶቹም ከፍ ተደርገው ስለ ተደለደሉ የቀድሞው ምድር ቤት ከመሬት በታች ቀረ። ዛሬ ጐብኚ ከእግረኛ መንገድ ሥር ገብቶ የጥንቱን የሱቅ በር ያያል። ከዚያው አጠገብ የስለር የሚባለው ቁልቁለት አለ፤ የዛፍ ግንድ እያንሸራተቱ ወደ ባሕሩ ዳር መሰንጠቂያ ያወርዱበት ነበርና «የማንሸራተቻ መንገድ» ይሉት ነበር። ይህ ስም በኋላ ለድሆች ሰፈር መጠሪያ መሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ግንድም ሰውም በአንድ መንገድ የሚንሸራተት ይመስላል።

ወደ ሰሜን ዘልቀን በ1907 ከተከፈተው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ደረስን። ገበያው ሊፈርስ ተወስኖበት በ1971 ነዋሪዎቹ በድምፃቸው አድነውታል። ልጆቹ ዓሣ ሻጮቹ ትልልቅ ዓሣ ሲወራወሩ እያዩ ይስቁ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ሲያትል ከተባለው የአገሬው ተወላጆች አለቃ ነው። ይሁን እንጂ በ1865 የከተማው ሹማምንት ባወጡት ደንብ ተወላጆቹ በማናቸውም ጐዳና ወይም ባዶ ቦታ እንዳይኖሩ ተከለከሉ። የአለቃው ልጅ ኪኪሶብሉ፥ ነጮቹ አንጀሊን ያሏት፥ አልሄድም ብላ ከዚሁ ገበያ ስፍራ አጠገብ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ልብስ እያጠበችና ቅርጫት እየሸጠች ኖራ በ1896 ሞተች። በአባቷ ስም በተጠራች ከተማ ውስጥ ባዕድ ሆና ኖረች ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ፥ መጋዘንና ፋብሪካ ወደ በዛበት ሰፈር ስንራመድ በመንገዱ ዳር የእኛን የመሰሉ ቤት ያለባቸው መኪናዎች ተሰልፈው አየን። ጣራቸው በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ፥ ጎማቸው የተነፈሰ ነበሩ። የወንድሜ ታናሽ ልጅ፤

«አባዬ፥ እነዚህም ለሽርሽር የመጡ ናቸው?» አለ።

ወንድሜ ቶሎ አልመለሰለትም። ቆይቶ «አይደለም ልጄ፤ እዚሁ ይኖራሉ» አለው። ከአንዱ መኪና በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ሕፃኑ በእግሩ መታከቱን አይተው ተነሡና ወንበራቸውን ገፋ አድርገው አቀረቡለት። እንግዶቹ እኛ ነበርንና እኛን ያስተናገዱ እርሳቸው ሆኑ።

በሲያትል ደንብ መኪና በአንድ መንገድ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ አይቆምም። በ2016 በመኪናው ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ሠራተኛ ይህን ደንብ ተላለፍህ ተብሎ መኪናው ተጐትቶ ተወሰደበት፤ ከ500 ዶላር በላይም ተጠየቀ። ነገሩ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ዳኞቹ በ2021 መኪናው ለሰውየው መኖሪያ ቤት መሆኑን፥ የተጠየቀውም ገንዘብ ከአቅሙ ያለፈ ቅጣት መሆኑን ፈረዱ። መኪና ማንሣትን ግን በጠቅላላው አልከለከሉም።

ባለ መጋዘኑም ቢሆን ነገር አለው፤ በደጁ ቆሻሻ ሲከመርና የጭነት መኪናው መግቢያ ሲያጣ ዝም በል ሊባል አይገባም። መንገድ የሁሉ ነው የሚለውም ቃል እውነት ነው። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የእኛና የሽማግሌው መኪና በአንድ ፋብሪካ ተሠርተው ሊሆን ይችላል፤ ደንቡም ሁለቱን አንድ አድርጎ በሰዓት ይለካቸዋል። እኛ ግን ከ72ኛው ሰዓት በኋላ የምንሄድበት ነበረን። እንግድነት የሚባለው እንግዲህ ቤት ማጣት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ «ተነሥ» ሲባሉ የሚሄዱበት ማጣትም ነው። እንዲህ ከሆነ ቤታችንን ይዘን የሄድነው እኛ እንግዶች አልነበርንም፤ በገዛ አገራቸው የሚኖሩት ሽማግሌ ግን ነበሩ።

ይህን ስጽፍ የሌላውን አገር ከተማ ለመውቀስ አይደለም። እኔም ደብዳቤ የማረቅቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስፍራ ሸራ ወጥረው የሚኖሩ ሰዎች «በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሡ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ለፊርማ አቅርቤአለሁ። ቃሉ የተስተካከለ፥ ቍጥሩም በመዝገብ የገባ ነበር፤ አለቃዬም አመስግነውኛል። ሦስት ቀን 72 ሰዓት መሆኑን ያሰብሁት በሲያትል መንገድ ላይ ቆሜ ነው።

ስፍራው ከመሥሪያ ቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። እስከ ዛሬ ሄጄ አላየሁትም።