የማያልቅ ሕክምና

በየወጣት ኅብረቱ ሕክምና የሚያጠኑ ልጆች አሉን። ወደፊት በምን ልትቀጥሉ ነው ሲባሉ ብዙዎቹ ቀዶ ሕክምናን ይጠራሉ። አይፈረድባቸውም፤ ቀዶ ሐኪም ዕጢውን ያወጣል፣ የተዘጋውን ይከፍታል፣ ሥራው ለዓይን ይታያል። አንዱ ተነሥቶ «የውስጥ ደዌ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ግን ጓደኞቹ ቀዝቀዝ ይላሉ። «እሱ እኮ ክኒን ማዘዝ ነው» ያለም ሰምቻለሁ።

መንገዱ አጭር አይደለም። ስድስት ሰባት ዓመት ተምሮ ጠቅላላ ሐኪም ከሆኑ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት በሬዚደንትነት፣ ሌሊቱን በተረኝነት እያደሩ ማለፍ ነው። ይህ ሁሉ ድካም አልቆ በተመላላሽ ክፍሉ የሚጠብቁት የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ድካምና የኩላሊት ሕሙማን ናቸው። የሳንባ ምችና ወባ አክሞ በደስታ መሸኘት እርግጥ አለ። ብዙዎቹ ግን ድነው አይሄዱም፤ ቀጠሮ ይዘው ይሄዳሉ፣ ተመልሰውም ይመጣሉ።

ታዲያ ፈጽሞ የማያድን ሐኪም የሚሰጠው ምን ዓይነት አገልግሎት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንደ እርሱ ያለ ስኳር የያዘውን ልጅ ሐኪሞች ምግቡን እየቀነሱ ሞቱን ከማዘግየት በቀር የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። መርፌው በሽታውን አላጠፋለትም። ነገር ግን 13 ዓመት ጨመረለት። ይህ ትንሽ ነው የሚል ካለ የልጅ ወላጅ ይጠይቅ።

እኛ ቤት የምንወደው ግን ያለቀ ነገር ነው። በምስክርነት ሰዓት መድረክ የሚወጣው የተፈወሰው ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ክኒኑን እየዋጠ በጌታ ለጸና ሽማግሌ ማይክ ሲሰጥ አላየሁም። ወጣቶቻችን የውስጥ ደዌን እንዲንቁ ያደረጋቸው ይኸው ችኮላ ይመስለኛል። ችኮላው ደግሞ ሰው ይጎዳል። ከተጸለየላቸው በኋላ መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ሕሙማን አሉ። ግፊት ምንም ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ክኒኑን የተወ ሰው ለጊዜው ጤነኛ ነኝ ይላል። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው ግን መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

አማኝ ሐኪም እንዲህ ያደረገች እናት ፊቱ ብትቀመጥ ምን ይበላት? አንዱ እምነቷን ላለመንካት ዝም ይላል፤ አክብሮት ይመስላል እንጂ አይደለም። ሌላው ይቆጣታል፣ እርሷም ዳግመኛ አትመጣም። እኔ ብሆን «አሜን እማማ፣ እስቲ እንለካው፤ እስክናይ ድረስ ግን መርፌውን አያቁሙ» እንዲላት እመኛለሁ። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲታይ ልኮት የለምን? እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ልኬቱ ከፍ ብሎ ቢገኝም እናትየዋ እምነት ጎደላት ማለት አይደለም። ጳውሎስ ባልደረባው ጥሮፊሞስ ታሞ ከመንገድ መቅረቱን ሳይሸሽግ ጽፏል፤ በዚያው መልእክት ላይ አብሮት የቀረው ሉቃስ መሆኑንም ይነግረናል። ሉቃስ ደግሞ ሐኪም ነበር።

ይህን ሙያ ለመረጣችሁ፣ የሚከብደው ትምህርቱ አይመስለኝም። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሳለ፣ በ40ኛው ቀጠሮ ለዚያችው እናት «መድኃኒቱ አልስማማ ብሎዎት ነው ወይስ መግዣው አጥሮ?» ብሎ እንደ አዲስ መጠየቅ ነው የሚከብደው። መልሱ መግዣው ነው ከሆነ ጉዳዩ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ እኛ፣ ወደ ዲያቆናቱና ወደ ወጣት ኅብረቱ ይመጣል። ለአንዲት እናት የአንድ ወር መድኃኒት ማዋጣት ለመድረክ አይመችም፤ በሚቀጥለውም ወር እንደገና ማዋጣት ያስፈልጋል።