የመኪና ዋጋና የሻጭ ዝምታ

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ በጥያቄ ይመለስለታል፤ «ስንት ይዘዋል?» ይባላል። ዋጋው ከዕቃው ይልቅ በገዢው ፊት ላይ ይፈለጋል ማለት ነው።

ይህ ተራ የገበያ ወግ ነው ይባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን ከበድ ያለ ጥያቄ ተነሣ። ከዚያ ዕለት በፊት ተገዝታ፣ ቀረጥ ተከፍሎባት በግቢ የቆመች መኪና በማግሥቱ ዋጋዋ ቢጨምር ፍትሕ ነውን? ሻጩ የሚሰጠው መልስ የሚናቅ አይደለም፦ «ይህችን ሸጬ ሌላ የማስመጣው በአዲሱ ምንዛሪ ነው፤ በምን እተካታለሁ?» በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኲናስም ሻጭ ዕቃውን በመልቀቁ የሚደርስበትን ጉዳት በዋጋው ውስጥ እንዲያስብ ፈቅዷል። የከለከለው የገዢውን ችግር መሸጥን ነው፤ ችግሩ የሻጩ ንብረት አይደለምና። ቁጠባው በየሳምንቱ ሲሟሽሽ እያየ የሚቸኩለውን ሰው አይቶ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ፣ ከመኪናው ጋር የሰውየውን ጭንቀት ለራሱ ለሰውየው እየሸጠለት ነው።

«ተስማምቶ ገዛ» የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ ይሳሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሆኖም «ከእንግዲህ አይገባም» የሚለው የቆየ የሻጮች ማስፈራሪያ በአንድ ጊዜ እውነት ሆነ፤ እውነት ደግሞ ለማጣደፍ ከሐሰት ይልቅ ይመቻል።

ዝምታስ? ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ ረኀብ ወደ ገባባት ሮድስ እህል ጭኖ የደረሰ ነጋዴን ያነሣል። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል፤ ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ሕግ ካላስገደደው አይናገር ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲፓትሮስ ግን መናገር አለበት ብሎ መምህሩን ይሞግታል። ሲሴሮ ለደቀ መዝሙሩ ፈረደ። አኲናስ መናገሩ የበለጠ በጎነት ነው ቢልም በፍትሕ ግዴታ አላደረገውም።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ደላላ የለም። ሲሴሮ ዘንግቶት ይሆን? የአዲስ አበባው ደላላ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚራገፈውንም፣ የገዢውን ኪስም ያውቃል፤ ኮሚሽኑንም ከሁለቱም ወገን ይቀበላል።