ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ማሳውን እይ

ልጄ፣ የገዛሃት ቮልስ መብራቷ እየደበዘዘ፣ ሞተሪኖዋም አንዳንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም እያለ እንዳስቸገረችህ ሰማሁ። ገንዘብ ቋጥረህ ወደ ሱማሌ ተራ ከመውረድህ በፊት ጥቂት ስማኝ። ባትሪ ቀይሮ፣ ዲናሞ ቀይሮ፣ ሞተሪኖም ቀይሮ ችግሩን ከነበረበት ያገኘው ሰው ብዙ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ማያያዣው ነው፤ ከማያያዣውም ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የመመለሻው ወገን።

ከባትሪው ፖሲቲቭ የወጣ ኤሌክትሪክ ሥራውን ሠርቶ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። መመለሻው የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ማሳ የምንለው እሱን ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር በደንብ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው ፊት ለፊት የታሰረ አንድ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። እሱ ከዛገ ወይም ከተበጠሰ ሞተሪኖው የሚስበው ከባድ ከረንት በፍሪሲዮንና በነዳጅ መስጫ ገመዶች በኩል መመለሻ ይፈልጋል። ገመዱ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል። ባለቤቱም ገመድ ይቀይራል!

ስለዚህ መጀመሪያ ቴስተርህን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አሳርፍ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ። ጓደኛህ ቁልፉን ያዙር። ሞተሪኖው እየዞረ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብክ ማሳው ታሟል። ብሎኑን ፍታ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ መልሰህ አጥብቅ። በኦም ለክተህ «ሽቦው ደኅና ነው» እንዳትለኝ። ከሃያ ክር አንዲት ክር የቀረችው ሽቦም ሥራ ሳይጫንባት በኦም ጤነኛ ትመስላለች፤ የምትጋለጠው ከረንት ሲያልፍባት ነው።

የባትሪውን ነገር በአጭሩ፦ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ 13.8 እስከ 14.5 ድረስ መውጣት አለበት። የቆዩት ቮልሶች ግን 6 ቮልት ናቸው፤ ወደ 12 መሸጋገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴል አካባቢ ነው። ያንተ ባለ 6 ከሆነች ጥንቃቄህ እጥፍ ይሁን። ባለ 45 ዋት የፊት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል። መንገዱ ላይ 0.1 ኦም ብቻ የምትሆን ዝገት ብትኖር 0.75 ቮልት ትበላለች፤ ይህ ከስምንት አንድ እጅ ነው። በ12 ቮልት ያቺው ዝገት የምትወስደው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። «የ6 ቮልት መብራት ድሮም ደካማ ነው» የሚሉህን አትመን፤ ማያያዣዎቹን ያጸዳ ሰው እንዲህ አይልም።

ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው አብሮ የሚፈዝዝ ከሆነ፣ ወይም የኋላ መብራት ስታበራ ሌላ አምፖል ዝቅ ብሎ ከበራ፣ ፍሬቻ መቁረጫውን አትንካ። የአምፖሉ ቤት ማሳ ጠፍቶበት ከረንቱ በሌላው አምፖል ክር በኩል እየተመለሰ ነው። አንድ ሽቦ ከአምፖሉ ቤት ወደ ንጹሕ ብረት ንካ፤ ተስተካከለ? እንግዲያው በሽታው ተገኘ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የቻርጅ መብራት እየነዳህ ከበራች ግን ወዲያው ዳር ይዘህ ሞተሩን አጥፋ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቬንትሌተር የተተከለው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ የቆመው ቻርጅ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም እየተቃጠለ ነው። ቺንጋው ደኅና ከሆነና ቀን ከሆነ ባትሪው ለካንዴላ የሚበቃ ይዞ ቤትህ ሊያደርስህ ይችላል።

ፊውዝን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እከለክልሃለሁ፦ የሲጋራ ብር ወረቀት አትጠቅልልበት። ነጯ 8 አምፔር፣ ቀይዋ 16 አምፔር ናት፤ በቦታዋ ተመሳሳይዋን አስገባ። ያልተቃጠለች ፊውዝም ጫፏ ሲዝግ መንገድ ትዘጋለችና በጣትህ አዙራት። ከባትሪው የሚነሳው ዋናው መስመር ግን ፊውዝ እንኳ የለውም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ደግሞ ብረት፣ መሙያው ደረቅ ፀጉር ወይም ጭረት ነው። መሸፈኛው ከሌለ ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ራሶች ያገናኝና እሳት ይነሳል። ቮልስ ከገዛ ሰው ጋር ስገናኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ክዳን ነው፤ ስለ ቀለሟ ሌላው ይጠይቀው።

ሌሊት ባትሪው ከሞተ ቁልፉን አጥፍተህ ኔጌቲቩን ንቀልና በመሐል ትንሽ አምፖል አስገባ። አምፖሉ ከበራ የሚሰርቅ አለ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጣ፤ የትኛዋ ስትወጣ እንደሚጠፋ እይ። ሁሉም ወጥተው ካልጠፋ፣ ያለፈው ባለቤት ሬዲዮ ሲያስገባ በቀጥታ የቀጠለውን ሽቦ ተከተል። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ቮልሶች ውስጥ እንዲህ ያለ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አይታጣም።

ሞተሩ ሲግል ብቻ «ቀጭ» የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የሞተሪኖው ማዘዣ ከረንት ከኋላ ተነስቶ እስከ ቁልፉ ድረስ ፊት ሄዶ እንደገና ኋላ ይመለሳል። መንገዱ ረጅም፣ የቁልፉ ኮንታክት ያረጀ ነው። ቁልፉ እየዞረ ሞተሪኖው ላይ 50 የሚል ቁጥር ያለበትን ጫፍ ለካ። ከባትሪው በሁለትና በሦስት ቮልት ካነሰ ሪሌ ከሞተሪኖው አጠገብ ግጠም፤ ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ይዘዝ፣ ከረንቱን ሪሌው በአጭሩ ይስጥ። ይህም ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለች ያን ጊዜ ሞተሪኖውን አውርድ። ስታወርደው ግን የዘንጉ ጫፍ የሚዞርባት ትንሽ ቡሽ በብዙዎቹ ቮልሶች ካምቢዮው ላይ እንደምትቀር ልብ በል፤ እሷ ካለቀች አዲሱም ሞተሪኖ ይነክሳልና አብረህ ቀይራት።